ኳንተም ኮምፒውተርን በሌሎች ኮምፒውተሮች ስለ ማስመሰል

ከማንበባችሁ በፊት

የሚከተለው ምንባብ አስረጂ ድርሰት ነው። አስረጂ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደሚጠቅም በቅደም ተከተል የሚያብራራ የድርሰት ዓይነት ነው። ስታነቡ፣ የማይታወቀው ነገር በሚታወቀው ነገር አማካይነት እንዴት እንደ ተብራራ ልብ በሉ። አስቀድማችሁም በሚከተሉት ሁለት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

1. አንድን ነገር ከመሥራት በፊት አምሳያውን መሥራት ምን ጥቅም አለው?
2. በመደመር የሚያድግ ቁጥርና በእጥፍ የሚያድግ ቁጥር ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ምንባብ

በአዲስ አበባ ከተማ፣ በልደታ ክፍለ ከተማ፣ ብዙ ሰው «ሕንፃ ኮሌጅ» እያለ የሚጠራው የትምህርት ተቋም አለ። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር ሲመሠረት የሕንፃ ቴክኒክ ማስተማሪያ ነበር፤ በኋላም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ማእከል ሆነ። የሥነ ሕንፃ ተማሪ ገና ያልተሠራን ቤት ሲያቅድ፣ አሳቡን በወረቀት ላይ ከነደፈ በኋላ ከካርቶንና ከቀጭን ጣውላ ትንሽ ሞዴል ይሠራል። ሞዴሉን ከላይና ከጎን ይመለከታል፤ ጣሪያውን አንሥቶ ውስጡን ያያል። ደረጃው ጠቦ ቢገኝ ካርቶን ይቀደዳል እንጂ ግድግዳ አይፈርስም።

በዚያው በልደታ ቀድሞ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበረ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን የካይሮ በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ያደረገው ከዚህ ሜዳ ተነሥቶ ነው። ዛሬ ሜዳው ለአውሮፕላን አያገለግልም፤ አየር መንገዱም ከብዙ ዓመታት በፊት ወደ ቦሌ ተዛውሯል። በቦሌ ማሠልጠኛ የሚማር አብራሪ ከመሬት ሳይነሣ «ምስለ በረራ» በሚባል መሣሪያ ውስጥ ተቀምጦ ይለማመዳል። መሣሪያውን የሚመራው ኮምፒውተር የነፋሱን ግፊትና የሞተሩን ኀይል እያሰላ፣ አውሮፕላኑ በእውነት ቢበር ኖሮ የሚሆነውን ሁሉ ያሳየዋል።

እነዚህ ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ስም ሊጠሩ ይችላሉ፤ ይኸውም ማስመሰል ነው። ማስመሰል የሚለው ቃል በዕለት ተዕለት ንግግራችን የማታለል ትርጉም ይሰጣል። በሳይንስ ግን የአንድን ነገር ጠባይ ለማወቅ ሲባል በሌላ ነገር ላይ አስመስሎ መሥራት ማለት ነው። እንግዲህ የዚህ ምንባብ ጥያቄ የሚከተለው ነው፤ ኮምፒውተር አውሮፕላንን ማስመሰል ከቻለ፣ ከራሱ የተለየ ጠባይ ያለውን ሌላ ኮምፒውተር ማስመሰል ይችላልን? ከቻለስ እስከ ምን ድረስ?

ኳንተም ኮምፒውተር ምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት በአንድ ሳንቲም እንጀምር። ልጆች ሳንቲም ሲወረውሩ «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» ይባባሉ ነበር። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሳንቲም ከሁለት ገጾቹ አንዱን ብቻ ያሳያል። በተራ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ትንሹ የመረጃ ክፍልም እንዲሁ ነው፤ ወይ 0 ወይ 1 ይሆናል። ስሙም ቢት ይባላል።

በኳንተም ኮምፒውተር ውስጥ በቢት ፈንታ ኩቢት አለ። ኩቢት የሚሠራው እንደ አቶምና ኤሌክትሮን ያሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች በሚከተሉት ሕግ ነው። ስለ አንድ ኩቢት ለመናገር ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ለዘውድ፣ ሁለተኛው ለጎፈር። ኩቢቱ በሚለካበት ጊዜ ዘውድ ሆኖ የመገኘቱ ዕድል፣ የዘውዱ ቁጥር በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ውጤት ነው። የጎፈሩም እንደዚሁ ይሰላል። ልብ ማለት የሚገባችሁ ግን እነዚህ ቁጥሮች ከዜሮ በታች ሊሆኑ መቻላቸውን ነው። ከዜሮ በታች የሆነ ዕድል የለም፤ ከዜሮ በታች የሆነ የኩቢት ቁጥር ግን አለ። የነገሩ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው።

እርሳስ አንሡና ይህን አብረን እናስላ። በመጀመሪያ የዘውዱ ቁጥር 1፣ የጎፈሩ 0 ይሁን። አሁን በኩቢቱ ላይ አንድ ሥራ እንሥራ፤ አዲሱን የዘውድ ቁጥር ለማግኘት ሁለቱን ቁጥሮች ደምረን ለ1.414 እናካፍላለን፤ አዲሱን የጎፈር ቁጥር ለማግኘት ደግሞ ከዘውዱ ቁጥር የጎፈሩን ቀንሰን ለዚያው ለ1.414 እናካፍላለን። (1.414 የ2 ስኩዌር ሩት ነው።) ሁለቱም 0.707 ይሆናሉ። 0.707 በራሱ ሲባዛ 0.5 ያህል ነው። ስለዚህ ኩቢቱ አሁን ቢለካ ዘውድ የመሆኑና ጎፈር የመሆኑ ዕድል እኩል ነው፤ ልክ እንደ ተወረወረ ሳንቲም።

ሳንለካው ያንኑ ሥራ አንድ ጊዜ እንድገመው። 0.707 ሲደመር 0.707፣ 1.414 ነው፤ ለ1.414 ሲካፈል 1 ይሆናል። 0.707 ሲቀነስ 0.707 ግን ዜሮ ነው። እንግዲህ ኩቢቱ ያለ ጥርጥር ወደ ዘውድ ተመለሰ። ተራ ሳንቲም ሁለት ጊዜ ቢወረወር ዕድሉ እንደ ቀድሞው እኩል ነው እንጂ እርግጠኛ አይሆንም። በኩቢቱ ላይ ግን ወደ ዘውድ የሚወስዱት መንገዶች ተደጋገፉ፤ ወደ ጎፈር የሚወስዱት መንገዶች ተጣፉ። በኩሬ ላይ ሁለት ድንጋይ ስትወረውሩ ማዕበሎቹ አንድ ቦታ ሲደራረቡ፣ ሌላ ቦታ ሲጠፋፉ አይታችሁ ይሆናል፤ ነገሩ ከዚያ ጋር ይመሳሰላል።

ኳንተም ኮምፒውተር ይህን መደጋገፍና መጠፋፋት ለሥራ የሚያውል መሣሪያ ነው። የተሳሳተው መልስ እንዲጠፋ፣ ትክክለኛው መልስ እንዲጎላ ተደርጎ ፕሮግራሙ ይጻፋል። ስለዚህ «ኳንተም ኮምፒውተር መልሶችን ሁሉ ባንድ ጊዜ ያያል» የሚባለው አነጋገር ያሳስታል። ኩቢቶቹ በተለኩ ጊዜ የሚገኘው አንድ አቀማመጥ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ አይታይም።

የእጥፍ ጉዳይ

አሁን ሳንቲሞቹን እናብዛ። ሁለት ሳንቲሞች በአራት ዓይነት አቀማመጥ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ዘውድና ዘውድ፣ ዘውድና ጎፈር፣ ጎፈርና ዘውድ፣ ጎፈርና ጎፈር። ሦስት ሳንቲሞች ስምንት፣ አራት ሳንቲሞች ዐሥራ ስድስት አቀማመጥ አላቸው። አንድ ሳንቲም በተጨመረ ቁጥር አቀማመጡ እጥፍ ይሆናል። የኩቢቶችን ጠባይ ለማስመሰል የሚፈልግ ተራ ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ አቀማመጥ አንድ ቁጥር መያዝ አለበት። ቁጥሩም ሁለት ክፍል ስላለው፣ በተለመደው አያያዝ 16 ባይት ቦታ ይፈጃል። ከዚህ የተነሣ የሚያስፈልገው ሚሞሪ እንደሚከተለው ያድጋል።

ለ10 ኩቢት፦ 1,024 ቁጥሮች፣ 16 ኪሎ ባይት
ለ20 ኩቢት፦ 1,048,576 ቁጥሮች፣ 16 ሜጋ ባይት
ለ30 ኩቢት፦ 1,073,741,824 ቁጥሮች፣ 16 ጊጋ ባይት
ለ40 ኩቢት፦ 1,099,511,627,776 ቁጥሮች፣ 16 ቴራ ባይት
ለ50 ኩቢት፦ 1,125,899,906,842,624 ቁጥሮች፣ 16 ፔታ ባይት

8 ጊጋ ባይት ሚሞሪ ያለው ተራ ኮምፒውተር 28 ኩቢት ያህል ማስመሰል ይችላል፤ ይህ 4 ጊጋ ባይት ይፈጃልና። 30 ኩቢት ግን ከዐቅሙ በላይ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን እ.ኤ.አ. በ1981 ባደረገው ንግግር ያነሣው ይህንኑ ችግር ነበር። የተፈጥሮን የኳንተም ጠባይ በተራ ኮምፒውተር ማስመሰል ከባድ ከሆነ፣ በኳንተም ሕግ የሚሠራ ኮምፒውተር ለምን አንሠራም የሚል አሳብ አቀረበ። እንግዲህ የኳንተም ኮምፒውተር አሳብ የተወለደው ከማስመሰል ችግር ነው ማለት ይቻላል።

የወፍጮ ቤቱ ምሳሌ

የራሱ ኮምፒውተር ያነሰው ሰው ምን ማድረግ ይችላል? መከራየት ይችላል። በከተማም ሆነ በገጠር እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን የሞተር ወፍጮ አይተክልም። እህሉን ወደ ወፍጮ ቤት ወስዶ፣ በኪሎ ከፍሎ፣ ዱቄቱን ይዞ ይመለሳል። ሞተሩን የገዛው፣ ጥርሱን የሚያሳድሰውና የመብራቱን ሒሳብ የሚከፍለው ባለ ወፍጮው ነው።

ክላውድ ወይም የደመና ኮምፒውተር የሚባለው አገልግሎትም እንዲሁ ነው። ስሙ ደመና ይባል እንጂ በሰማይ ላይ የተንጠለጠለ ነገር የለም። በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች በትልልቅ አዳራሾች ውስጥ ተደርድረው፣ ብዙ የኤሌክትሪክ ኀይልና ማቀዝቀዣ እየተጠቀሙ ይሠራሉ። ተጠቃሚው ፕሮግራሙን በኢንተርኔት ይልካል፤ በተጠቀመበት ጊዜ ልክ ይከፍላል፤ ውጤቱን ይቀበላል። በአገራችንም ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ በሚል ስም የደመና አገልግሎት ይሰጣል።

ኩቢቶችን ለማስመሰል የተዘጋጁ የደመና አገልግሎቶችም አሉ። የአማዞን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለሁሉም ክፍት ያደረገው ብራኬት የተባለው አገልግሎት እስከ 34 ኩቢት የሚያስመስል ፕሮግራም አለው። አይ ቢ ኤም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 አምስት ኩቢት ያለውን እውነተኛ ኳንተም ኮምፒውተር በኢንተርኔት ለሕዝብ ከፍቷል። ቆይቶም በደመና የሚሠሩ ማስመሰያዎችን ጨምሮ ነበር፤ እነዚህን ማስመሰያዎች ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ዘግቶ፣ ተጠቃሚዎች ኪስኪት የተባለውን ነጻ ፕሮግራም በየራሳቸው ኮምፒውተር ላይ እንዲጠቀሙ አድርጓል።

ደቦው የት ላይ ይቆማል?

አንድ ኮምፒውተር የማይችለውን ሥራ ብዙ ኮምፒውተሮች ተከፋፍለው ይሠሩታል። አንዱ የቁጥሮቹን አንድ ክፍል፣ ሌላው ሌላውን ክፍል ይይዛል። በአጨዳ ጊዜ ገበሬዎች በደቦ ተሰብስበው የአንዱን ማሳ እንደሚያጭዱት ማለት ነው። ነገር ግን በዚህ ደቦ ላይ ሁለት ችግሮች አሉ።

አንደኛው፣ ሠራተኞቹ ዘወትር መነጋገር አለባቸው። ቀደም ሲል በእርሳስ ባሰላነው ምሳሌ፣ አዲሱን ቁጥር ለማግኘት የዘውዱም የጎፈሩም ቁጥር አስፈልጎን ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች በተለያዩ ኮምፒውተሮች ውስጥ ካሉ በሽቦ መለዋወጥ ግድ ነው። ከማስላቱ ይልቅ መለዋወጡ ብዙ ጊዜ የሚወስድበት አጋጣሚ አለ።

ሁለተኛውና ዋነኛው ችግር የእጥፍ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር 16 ጊጋ ባይት ለዚህ ሥራ ቢያውል፣ ለ30 ኩቢት አንድ ኮምፒውተር ይበቃል። ለ40 ኩቢት 1,024 ኮምፒውተሮች ያስፈልጋሉ። ለ50 ኩቢት ደግሞ 1,048,576 ያስፈልጋሉ። ደቦው በመደመር ያድጋል፤ ማሳው ግን በእጥፍ ይሰፋል። ዐሥር አጫጆች በተጨመሩ ቁጥር ማሳው እጥፍ የሚሆን ከሆነ፣ የአገሩ ሰው ሁሉ ቢወጣም አዝመራው አይሰበሰብም።

እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪዎች በአሜሪካ በርክሌይ ይገኝ በነበረው ኮሪ በተባለው ሱፐር ኮምፒውተር 45 ኩቢት አስመስለዋል። ለዚህም 8,192 የማስሊያ ክፍሎችና ግማሽ ፔታ ባይት ሚሞሪ ተጠቅመዋል። አንድ ኩቢት ብቻ ቢጨምሩ የሚሞሪው ፍላጎት አንድ ሙሉ ፔታ ባይት በሆነ ነበር።

ይሁን እንጂ ብልኀት ያለው ሰው ሁሉንም ቁጥር መያዝ ላያስፈልገው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የጉግል ተመራማሪዎች 53 ኩቢት ያለው መሣሪያቸው አንድን ሥራ በ200 ሴኮንድ እንደ ፈጸመና ታላቅ ሱፐር ኮምፒውተር ያንኑ ለመሥራት 10,000 ዓመት እንደሚፈጅበት ገለጹ። አይ ቢ ኤም ወዲያውኑ ሥራው በሁለት ቀን ተኩል ሊያልቅ ይችላል ሲል ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በቻይና የሚገኙ ተመራማሪዎች በአዲስ ዘዴ፣ በ512 የግራፊክስ ፕሮሰሰሮች፣ በ15 ሰዓት ውስጥ እንደ ፈጸሙት አስታወቁ። ከዚህ የምንማረው፣ ድንበሩ መኖሩ እርግጥ ሆኖ ሳለ በትክክል የት ላይ እንዳለ ገና እየተፈተነ መሆኑን ነው።

ማስመሰሉ ለምን ይጠቅማል?

እውነተኛው ኳንተም ኮምፒውተር ካለ ሞዴሉ ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ታነሡ ይሆናል። ጥቅሙ ሦስት ነው። በመጀመሪያ፣ የዛሬዎቹ ኩቢቶች በሙቀትና በሌላም ምክንያት ቶሎ ይሳሳታሉ፤ ውጤታቸው ትክክል መሆኑን የምናረጋግጠው፣ አነስተኛ በሆነው ሥራ ላይ ከማስመሰያው ውጤት ጋር በማነጻጸር ነው። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ ውድ ወደ ሆነው መሣሪያ ከመላኩ በፊት ስሕተቱ በማስመሰያው ላይ ይታረማል። ሦስተኛ፣ እውነተኛውን ኩቢት ሳይለኩ ውስጡን ማየት አይቻልም፤ ከለኩት ደግሞ ቁጥሮቹ ይጠፋሉ። በማስመሰያው ግን ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ማንበብ ይቻላል። የሕንፃው ተማሪ የሞዴሉን ጣሪያ አንሥቶ ውስጡን እንደሚያይ አስታውሱ።

ጉዳዩ ለእኛስ ምን ያገባናል?

61ን በ53 ማባዛት ቀላል ነው፤ ውጤቱ 3,233 ነው። ነገር ግን 3,233 የየትኞቹ ሁለት ቁጥሮች ብዜት እንደ ሆነ አስቀድሞ ሳይነገር ማግኘት አድካሚ ነው። ቁጥሮቹ በመቶ የሚቆጠር አኀዝ ሲኖራቸው ሥራው ለዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ ከዐቅም በላይ ይሆናል። ባንኮችና የመልእክት አገልግሎቶች ምሥጢራቸውን ከሚቆልፉባቸው ዘዴዎች አንዱ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ፒተር ሾር የተባለ የሒሳብ ሊቅ፣ በቂ ዐቅም ያለው ኳንተም ኮምፒውተር ይህን ቁልፍ ሊከፍት እንደሚችል አሳየ። እንዲህ ያለ ዐቅም ያለው መሣሪያ ገና አልተሠራም። ቢሆንም የአሜሪካ የስታንዳርዶችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ይህን አደጋ ለመቋቋም የተዘጋጁትን የመጀመሪያዎቹን ሦስት የምሥጢር አያያዝ ደንቦች አውጥቷል። ገንዘቡን በስልክ የሚልክ ሕዝብ ቁልፉ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቁ ልጆች ያስፈልጉታል። አለበለዚያ ቁልፍ ሻጩ የነገረውን ሁሉ አምኖ ከመግዛት በቀር ምርጫ አይኖረውም።

በአገራችን መንገዱ ፈጽሞ ዝግ አይደለም። የፊዚክስ ምሁሩ ፍሥሐ ካሣሁን በኳንተም ኦፕቲክስ መሠረቶች ላይ መጽሐፍ ጽፈዋል። በሰኔ 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2019) ደግሞ አይ ቢ ኤም ከደቡብ አፍሪቃው ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ባደረገው ስምምነት፣ ዩኒቨርሲቲው የአፍሪቃ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ኅብረት አባላት ለሆኑ 15 ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ኳንተም ኮምፒውተሮቹ መግቢያ በር እንዲሆን ተወስኗል። ከኅብረቱ መሥራች አባላት አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። በር መከፈቱ ብቻ ግን አያስገባም። ኢንተርኔት ሲቆራረጥ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ሲጠየቅ የተከፈተው በር ይጠብባል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ገብቶ ምን እንደሚሠራ የማያውቅ ሰው በሩ ቢከፈትለትም ደጅ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ትልቅ መሣሪያ አይደለም። አንድ ኩቢት በእርሳስ ይሰላል፤ እላይ አስልተነዋል። ሁለት ኩቢት አራት ቁጥር፣ ሦስት ኩቢት ስምንት ቁጥር ነው፤ ይህም በደብተር ገጽ ላይ ይበቃል። ከዚያ በኋላ እስከ 28 ኩቢት ድረስ አንድ ተራ ኮምፒውተር ይበቃል። የደመናው ኪራይ የሚያስፈልገው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ከ50 ኩቢት አካባቢ በላይ ደግሞ ኪራዩም ብዙ አይረዳም። የልደታው የሕንፃ ተማሪ ከካርቶን የጀመረው ሕንፃ መሥራት ስላልፈለገ አይደለም፤ ሕንፃውን ማወቅ የሚጀመረው ከዚያ ስለ ሆነ ነው። ሞዴሉ ግን ሞዴል መሆኑን አይዘነጋም፤ በካርቶን ቤት ውስጥ ማንም አያድርበትምና።

መልመጃ አንድ፦ ምንባቡን በሚመለከት ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።

1. «ማስመሰል» የሚለው ቃል በዕለት ተዕለት ንግግርና በሳይንስ ያለውን የትርጉም ልዩነት አስረዱ።
2. ኩቢቱ ሁለት ጊዜ ያንኑ ሥራ ከተሠራበት በኋላ ወደ ዘውድ የተመለሰው ለምንድን ነው?
3. «ደቦው በመደመር ያድጋል፤ ማሳው ግን በእጥፍ ይሰፋል» ሲባል ደቦው ምንን፣ ማሳውስ ምንን ያመለክታል?
4. ለ33 ኩቢት ስንት ጊጋ ባይት ሚሞሪ እንደሚያስፈልግ ከተሰጠው ዝርዝር ተነሥታችሁ አስሉ።
5. ከሦስቱ የማስመሰል ጥቅሞች ከሞዴሉ ጣሪያ ጋር የተነጻጸረው የትኛው ነው? ለምን?

መልመጃ ሁለት፦ የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች መርምሩ። ከእያንዳንዱ ሥር የተሰመረበት ያህል ቈጥራችሁ በ«ቢ» ወይም በ«ከ» የተመሠረተውን ጥገኛ ሐረግ አውጡ፤ የተነገረው ነገር የተፈጸመ፣ ሊፈጸም የሚችል ወይም ያልተፈጸመ መሆኑንም ግለጹ።

1. ደረጃው ጠቦ ቢገኝ ካርቶን ይቀደዳል እንጂ ግድግዳ አይፈርስም።
2. አንድ ኩቢት ብቻ ቢጨምሩ የሚሞሪው ፍላጎት አንድ ሙሉ ፔታ ባይት በሆነ ነበር።
3. ሁለቱ ቁጥሮች በተለያዩ ኮምፒውተሮች ውስጥ ካሉ በሽቦ መለዋወጥ ግድ ነው።

መልመጃ ሦስት፦ በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ መሣሪያ ወይም የሥራ ዘዴ ምረጡ። ለምሳሌ ያህል የውኃ ወፍጮ፣ የሸማ መሥሪያ፣ የጠላ አጠማመቅ ሊሆን ይችላል። ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ዐቅሙ የት ላይ እንደሚያበቃ በሦስት አንቀጾች አስረዱ። በእያንዳንዱ አንቀጽ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ አንባቢው ከሚያውቀው ነገር ጋር አነጻጽሩ።